ጥፋተኛዋ ናት ናት?

እኔና የሥራ ባልደረቦቼ የምንቀልዳት አንዲት ቀልድ አለች። የኔትወርክ አድራሻ ቅየራን፣ ማለትም መረጃ ሲያልፍ የላኪውን ወይም የተቀባዩን አድራሻ በሌላ የምትተካውን ዘዴ፣ ሁላችንም በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሏ «ናት» ነው የምንላት። ታዲያ የሆነ ግንኙነት እምቢ ሲል አንዱ «ጥፋተኛዋ ማን ናት?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው «ናት ናት!» ብሎ ይመልሳል። ለማያውቅ ሰው መንተባተብ ነው የሚመስለው። ለእኛ ግን ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ምርመራ ነው።

ብዙ ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። ዛሬ የማወራችሁ እሷን ከስሼ፣ ፈርጄባት፣ ቅጣቷንም አስፈጽሜ ስጨርስ ጥፋቱ እኔው ጋ የተገኘበትን አንድ ሌሊት ነው።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነበር። የእኛ ኔትወርክ ከአንድ አጋር ድርጅት ኔትወርክ ጋር በአይፒሴክ ቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ መረጃን አመስጥሮ በሚያሻግር መስመር፣ መገናኘት ነበረበት። ስንነጋገር ሁለታችንም ውስጥ ለውስጥ የምንጠቀምበት አድራሻ በ10.20 የሚጀምር ሆኖ ተገኘ። ይሄ ብርቅ አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ለግል ኔትወርክ ብሎ የለየው ሦስት ክልል ብቻ ነው። በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት እና በ192.168 የሚጀምሩት። ዓለም በሙሉ ከእነዚሁ ሦስት ጉድጓዶች ስለሚቀዳ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት አድራሻ ይዘው ቢገናኙ አይገርምም። ችግሩ እንዲህ ከሆነ በኋላ ማን ለማን እንደሚልክ አይለይም። እኔ ወደ 10.20.3.7 ልላክ ስል ራውተሩ፣ መረጃውን ወደየመንገዱ የሚመራው መሣሪያ፣ «ይሄማ እዚሁ ቤት ነው» ይለኛል።

ስለዚህ ተስማማን። ከእኛ የሚወጣ ፓኬት (ተቆራርጦ የሚላክ የመረጃ ቁራጭ) ወደ እነሱ ከመሄዱ በፊት ስሙን፣ ማለትም የምንጭ አድራሻውን፣ ይቀይርና በ172.31.50.0/28 ስም ይቀርባል። 16 አድራሻ ነው፣ ይበቃናል። እነሱ ደግሞ ሰርቨሮቻቸውን በ10.80.5.0/24 ያሳዩናል። ስም የመቀየሩን ሥራ ናት ትሠራለች፣ የማመስጠሩን ሥራ ቪፒኤኑ ይሠራል። በወረቀት ላይ እንዴት እንደሚያምር!

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጀመርን። በዚያኛው ወገን ያለው ኢንጂነር በድምፁ ከእኔ በዕድሜ ከፍ ያለ ይመስላል። እኔ «እርስዎ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ወንድሜ» ይሉኛል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተነሉ፣ በሁለታችን መካከል የሚከፈተው የተመሰጠረ መንገድ፣ ተነሳ። ሁለቱም ወገን ላይ አረንጓዴ በራ። እንኳን ደስ ያለን ተባባልን። ፒንግ፣ ትንሽ ፓኬት እየላከ መልስ የሚጠብቅ ፍተሻ፣ አስጀመርኩ።

ጸጥ።

«ወንድሜ፣ እኔ ጋ የደረሰ አንድም ነገር የለም» አሉኝ።

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ተነል አለን፣ ግን ምንም አያልፍበትም። ይህን ሥራ ስጀምር አረንጓዴዋ መብራት ያታለለችኝን ጊዜ ብዛት አልቆጥረውም። «ተነሉ ተነስቷል» ማለት ሁለት መሣሪያዎች ማንነታቸውን አረጋግጠዋል፣ ቁልፍ ተለዋውጠዋል፣ ከየትኛው አድራሻ ወደ የትኛው አድራሻ የሚሄድ ፓኬት እንደሚያመሰጥሩ ተስማምተዋል ማለት ብቻ ነው። መኪና መንዳት ሳይሆን መንገድ መክፈት ነው። በተለይ ያቺ የመጨረሻዋ ስምምነት፣ ማለትም የአድራሻ ዝርዝሯ፣ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነች። ቪፒኤኑ በር ላይ የስም ዝርዝር ይዞ እንደቆመ ዘበኛ ነው። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ያለ ይገባል። የሌለውን አይሳደብም፣ አይመልስም፣ ዝም ብሎ በሌላኛው በር እንዲሄድ ይተወዋል።

እዚህ ላይ ነው የሁለቱ ጠብ የሚጀምረው። ናት ስም ትቀይራለች። ቪፒኤኑ ስም ያነባል። ታዲያ ማን ይቀድማል? ራውተራችን በሚሠራበት ሲስተም፣ በሊኑክስ፣ ላይ ወደ ውጭ ለሚወጣ ፓኬት ናት ትቀድማለች። የምንጭ አድራሻው ከተቀየረ በኋላ ነው አዲሱ ስም ከማመስጠሪያው ዝርዝር ጋር የሚመሳከረው። ስለዚህ ዘበኛው የሚያየው ፓኬቱ ከቤቱ የወጣበትን ስም ሳይሆን ናት የሰጠችውን ስም ነው። ናት የተሳሳተ ስም ከሰጠችው አለቀ።

የእኛ ራውተር ላይ ከድሮ ጀምሮ አንድ ደንብ ነበር። ወደ ውጭ የሚወጣ ሁሉ የራውተሩን የኢንተርኔት አድራሻ ይልበስ የሚል። ሰዉ ኢንተርኔት የሚጠቀመው በእሱ ነው። አዲሱን ደንብ፣ «ወደ 10.80.5 የሚሄድ ከሆነ የ172.31.50ን ስም ስጠው» የሚለውን፣ እኔ የጻፍኩት ከእሱ በታች ነው። ደንቦቹ ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበቡት። መጀመሪያ የገጠመው ይወስደዋል። የታችኛው ደንብ እስከ ዛሬም ቢቆይ ተራ አይደርሰውም ነበር።

ይህን ያገኘሁት በግምት አይደለም፣ የሚያልፈውን ፓኬት በሚያሳየው ፕሮግራም፣ በቲሲፒደምፕ ነው። በራውተሩ የውጭ ገጽ፣ ወደ ኢንተርኔት በሚወጣበት በር፣ ላይ ሆኜ ስመለከት መታየት የነበረበት የተመሰጠረ ነገር ነው። ማለትም ፕሮቶኮል 50 (አይፒሴክ የተመሰጠረውን የሚልክበት)፣ ወይም ያው በዩዲፒ (ቀለል ያለ የመላኪያ ዘዴ) ፖርት፣ ማለትም የበር ቁጥር፣ 4500 የተጠቀለለ። ያየሁት ግን ራቁቱን የሚሄድ ፒንግ ነው። ምንጩ የእኛ የኢንተርኔት አድራሻ፣ መድረሻው 10.80.5.20። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ በ10 የሚጀምር አድራሻ የሚቀበል የለም፣ መንገድ ላይ ተጥሎ ይቀራል።

በነገራችን ላይ አለመሥራቱ አይደለም ያስደነገጠኝ። ሳይመሰጠር መውጣቱ ነው። ያ ፒንግ ባይሆንና የደንበኛ መረጃ ቢሆን ኖሮ ማንም በመንገድ ላይ የቆመ ሰው ያነበው ነበር፣ እኛ ደግሞ አረንጓዴ መብራት እያየን እንረጋጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማዘጋጀው ራውተር ሁሉ ላይ አንድ ደንብ ሳልጽፍ አላልፍም። መድረሻው የግል አድራሻ የሆነና ያልተመሰጠረ ፓኬት በውጭው ገጽ በኩል እንዳይወጣ። ካልሠራ አይሥራ፣ ግን በሩ ተዘግቶ ይቅር እንጂ ራቁቱን አይውጣ።

ወደ ሌሊቱ ልመለስ። ደንቡን ወደ ላይ አወጣሁት። በራሴ ኮራሁ። ወደ ፒንጉ መስኮት ዞርኩ።

አሁንም ጸጥ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። «እንግዲህ እሱ አልነበረም» አልኩና ደንቡን ወደነበረበት መለስኩት። የአድራሻ ዝርዝሩን ቀየርኩ። ተነሉን አፍርሼ አነሳሁት። ሰውየውን ፋየርዎላቸውን፣ የሚገባ የሚወጣውን የሚያግደውን፣ እንዲያዩ ለመንኳቸው፣ አዩ፣ ምንም የለም። ደንቡን እንደገና ወደ ላይ፣ እንደገና ወደ ታች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ እኔ ደግሞ የለቀምኩትን መልሼ እያፈሰስኩ ነበር። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ያልነካሁት ነገር ቢኖር በጎን መስኮት ላይ በየሰከንዱ እየሄደ ያለው ፒንግ ነው።

ደንቡን ለአራተኛ ጊዜ ወደ ላይ እንዳወጣሁት ሰውየው አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ወንድሜ፣ ፒንጉን ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው ያስጀመርከው?»

«ከ2 ሰዓት ጀምሮ ነው። አልቆመም።»

ሳቁ። «እስኪ አቁመውና እንደገና ጀምረው።»

አቆምኩት። ጀመርኩት። በመጀመሪያው ሰከንድ መልስ መጣ።

ናት እንዲህ ናት። ለእያንዳንዱ ፓኬት ደንብ አታነብም። የአንድ ግንኙነት የመጀመሪያው ፓኬት ሲመጣ ብቻ ደንቡን ታያለች፣ ትወስናለች፣ ውሳኔዋን መዝገብ ላይ ትጽፋለች። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሁሉ በመዝገቡ መሠረት ይስተናገዳሉ። ደንቡን ብትቀይሩት መዝገቡ አይሰማም። መዝገቡ ላይ ያለ የፒንግ መስመር በሊኑክስ የሚሰረዘው 30 ሰከንድ ሙሉ ምንም ካላለፈበት ነው። የእኔ ፒንግ ደግሞ በየሰከንዱ እየነካካ ዕድሜውን ያድስለታል። 2 ሰዓት ላይ የተጻፈውን የተሳሳተ ውሳኔ እኔው ራሴ በሕይወት እያቆየሁት ነበር። አዲስ ፒንግ ግን አዲስ መለያ ቁጥር ይዞ ስለሚመጣ እንደ አዲስ እንግዳ ይቆጠራል፣ አዲሱ ደንብም ይነበብለታል።

ማለትም ገና በመጀመሪያው ሙከራ አስተካክዬው ነበር። የሚሠራውን መፍትሔ ሦስት ጊዜ በገዛ እጄ አፈረስኩት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፣ እኔ ሥሩን አግኝቼ ነቅዬው ነበር።

ፒንግስ እሺ ይሁን። አንዴ የተመሠረተ የቲሲፒ (መድረሱን እያረጋገጠ የሚልክ ዘዴ) ግንኙነት በዚያው መዝገብ ላይ ሳይነካ የሚቆይበት የተለመደው ገደብ 432,000 ሰከንድ ነው። 5 ቀን! የዳታቤዝ ግንኙነት ከፍቶ የሚቀመጥ ሰርቨር ካላችሁ፣ ዛሬ ያስተካከላችሁትን ደንብ እሱ የሚያውቀው ግንኙነቱ ተቋርጦ እንደገና ሲከፈት ነው። ስለዚህ አሁን የናት ደንብ በነካሁ ቁጥር የሚመለከተውን የመዝገብ መስመር በትእዛዝ እሰርዛለሁ። ሁሉንም አይደለም፣ ሁሉን መሰረዝ የሰውን ሁሉ ሥራ ማቋረጥ ነው።

ከዚያ ሌሊት ያተረፍኩት ሌላው ልማድ ወረቀት ነው። ኮምፒዩተሩ ላይ ከመጻፌ በፊት ፓኬቱ በየጣቢያው ምን ስም እንደሚይዝ እጽፋለሁ። ከቤት ሲወጣ ምንጩ 10.20.3.7፣ መድረሻው 10.80.5.20። ናት ካየችው በኋላ ምንጩ 172.31.50.1። ከተመሰጠረ በኋላ ከውጭ የሚታየው የሁለቱ ራውተሮች የኢንተርኔት አድራሻ ብቻ። በዚያኛው ወገን ሲፈታ ተመልሶ 172.31.50.1። እነሱም በበኩላቸው ስም የሚቀይሩ ከሆነ አንድ መስመር ይጨመራል። ከዚያ የመልሱን ጉዞ ከታች ወደ ላይ። የመልሱን ጉዞ የማይጽፍ ሰው ግማሽ ሥራ ነው የሠራው። ያየኋቸው ስህተቶች ብዙዎቹ የተደበቁት እዚያ ነው።

ወረቀቱ ካለ ቆጣሪዎቹ ይናገራሉ። ሁለቱም መሣሪያዎች ስንት ፓኬት አመሰጠርኩ፣ ስንት ፈታሁ የሚል ቁጥር ይይዛሉ። የእኔ የማመስጠሪያ ቁጥር ካልጨመረ ሌላ ሰው አላስቸግርም። ጉዳዩ እዚሁ እኔ ቤት ነው፣ ምክንያቱ ወይ ናት ወይ የአድራሻ ዝርዝሩ። የእኔ ጨምሮ የእነሱ መፍቻ ዜሮ ከሆነ መንገድ ላይ የያዘው አለ። የእነሱ መፍቻ ጨምሮ ማመስጠሪያቸው ካልጨመረ ደግሞ ፓኬቱ በሰላም ደርሷል፣ መልሱ ነው የጠፋው። ያን ጊዜ ነው ስልክ አንስቼ «እስኪ ወደ 172.31.50 የሚመልሰውን መንገድ ይዩልኝ» የምለው። በዚያ ሌሊት ይህን አድርጌ ቢሆን የመጀመሪያዋ ቁጥር ብቻ ሰውየውን ከብዙ ጣጣ ታድናቸው ነበር።

አንድ የሚያደናግር ነገር ልጨምር። ሊኑክስ ላይ በቲሲፒደምፕ ስታዩ የሚመጣው ፓኬት ሁለት ጊዜ ይታያል። አንዴ እንደተመሰጠረ፣ አንዴ ተፈትቶ። የሚሄደው ግን ተመስጥሮ ብቻ ነው የሚታየው። ይህን የማያውቅ ሰው መልሱን በግልጽ አይቶ የላከውን ሲያጣ «እኔ ሳልልክ እንዴት ይመለስልኛል?» ብሎ ይቃዣል። እኔም ቃዥቻለሁ።

እነዚህ ሁለት ነገሮች ለምን እንዲህ እንደሚጣሉ ለማወቅ ታሪካቸውን ማየት ይበቃል። ናት በ1994 እ.ኤ.አ. ሰነድ ተጽፎላት ስትመጣ ለአጭር ጊዜ መፍትሔነት ነበር። የኢንተርኔት አድራሻ እያለቀ ስለሆነ፣ ዘላቂው መፍትሔ እስኪመጣ ድረስ። ጊዜያዊ የተባለ ነገር ቋሚ ሲሆን እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም። አይፒሴክ ደግሞ የተሠራው ፓኬት መንገድ ላይ አይነካም በሚል እምነት ነው። እንዲያውም ከሁለቱ ፕሮቶኮሎቹ አንዱ፣ ኤኤች የሚባለው፣ የምንጩንና የመድረሻውን አድራሻ ጭምር በፊርማ ያሽጋል። ናት አድራሻውን ስትቀይር ፊርማው ይበላሻል፣ ተቀባዩም ፓኬቱን ይጥላል። ኤኤች ተሳስቶ አይደለም። የተፈጠረው እንዲህ ያለውን ነካኪ ለመያዝ ነው። ሌላኛው፣ ኢኤስፒ፣ የውጭውን አድራሻ አያሽግም። ግን የፖርት ቁጥር የለውም። ብዙ ሰው በአንድ አድራሻ ስር የምትደብቅ ናት ደግሞ ሰውን ከሰው የምትለየው በፖርት ነው። ፖርት የሌለው እንግዳ ሲመጣባት የማን እንደሆነ ግራ ይገባታል።

በ2005 እ.ኤ.አ. በሰነድ የጸደቀው እርቅ ብልህ ነው። ሁለቱ ወገኖች ሲተዋወቁ እያንዳንዱ የራሱን አድራሻና ፖርት በሃሽ መልክ፣ ማለትም በስሌት በወጣ አጭር አሻራ፣ ይልካል። ተቀባዩ በዓይኑ ካየው አድራሻ ጋር ያነጻጽራል። ካልገጠመ መሐል ላይ ናት አለች ማለት ነው። ያኔ ንግግሩን ከፖርት 500 ወደ 4500 ያዞሩና ኢኤስፒውን በዩዲፒ ይጠቀልሉታል። ናትም ፖርት አገኘች፣ ደስ አላት።

ከዚህ የሚወለድ አንድ በሽታ አለ፣ ምልክቱ ስለማይሳሳት እወደዋለሁ። ሰላምታው በደንብ ይሄዳል፣ ቁልፉ ይደራደራል፣ ማንነት ማረጋገጥ ላይ ሲደርስ ዝም። መሣሪያው ደጋግሞ ይልካል፣ መልስ የለም። እንዲህ ካያችሁ ፋየርዎሉ ላይ 500 ተከፍቶ 4500 ተረስቷል። ወደ 4500 የሚዞሩት ልክ እዚያች ደረጃ ላይ ነውና።

መጠቅለል ደግሞ ቦታ ይበላል። አዲስ የአይፒ ራስ 20 ባይት፣ ዩዲፒው 8፣ ከዚያ የኢኤስፒው የራሱ ዕቃ። 1,500 ባይት ብቻ በሚያሳልፍ መስመር ላይ ሙሉውን ሞልቶ የመጣ ፓኬት አይገባም። ፒንግ ይሄዳል፣ መግቢያ ገጹ ይከፈታል፣ ትልቅ ፋይል ሲላክ ይታነቃል። ፒንጉን እንዳይከፋፈል ከልክላችሁ መጠኑን እየጨመራችሁ ሞክሩት፣ የት ላይ እንደሚሰበር ይነግራችኋል። እኔ ብዙ ጊዜ የቲሲፒውን ኤምኤስኤስ፣ አንድ ፓኬት የሚይዘውን የመረጃ ጣሪያ፣ ራውተሩ ላይ ወደ 1,360 ዝቅ አድርጌ እገላገላለሁ። ውበት የለውም፣ ግን ይሠራል።

ዝም ሲል የሚተኛ ተነልም አለ። መሐል ያለችው ናት ዩዲፒን ለብዙ ጊዜ በመዝገቧ አታቆይም። ለዚህ ነው አይፒሴክ በየ20 ሰከንዱ አንዲት ባይት የሚልከው፣ ዋየርጋርድ በሚባለው ሌላ ቪፒኤን ላይም ሰዎች 25 ሰከንድ ብለው የሚሞሉት። «ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያው ሙከራ አይሠራም» የሚል ቅሬታ ስሰማ መጀመሪያ የማየው ይህችን ቁጥር ነው።

ከሳምንት በኋላ ሰውየው ደወሉ።

«ወንድሜ፣ ከእናንተ ወደ እኛ ጥሩ ነው። ከእኛ ወደ እናንተ ግን አይከፍትም።»

ወረቀቴን አወጣሁ። ልክ ነበሩ። ሁላችንንም በ172.31.50.1 ስም ጨምቄ ነበር የላክኩት። መልስ ሲመጣ መዝገቡ ላይ ስላለ ቤቱን ያውቃል። ከእነሱ ዘንድ በራሱ ተነሳሽነት የሚመጣ እንግዳ ግን ከመቶው ሰው ማንን እንደፈለገ የሚነግረው የለም። እነሱ የሚፈልጓቸው ሦስት ሰርቨሮች ስለነበሩ ለእያንዳንዳቸው ለብቻ አንድ አንድ ስም ሰጠኋቸው። አንዱ 172.31.50.5 ሆነ። በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ለአንድ። ጽፌ ጨርሼ ደወልኩ።

«አሁን ይሞክሩት።»

ትንሽ ቆዩ። «አይሠራም፣ ወንድሜ። ይኸው እያየሁት ነው፣ ዝም ብሏል።»

እጄ ወደ ደንቡ ሄዶ ነበር። መለስኩት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፒንጉን ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው ያስጀመሩት?»

ስልኩ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ያቺ የዚያን ሌሊት ሳቅ መጣች።

«ቆይ፣ ላቁመው።»